ቁጥሩ የተፋቀው ቺፕ

አጎቷ ቺፕ ሲፍቁ በር ይዘጋሉ። ሌላው የወርክሾፑ ሥራ በአደባባይ ነው፤ ቆርቆሮው በራፉ ላይ ይታጠፋል፣ ሽቦው ከመንገደኛ ጋር እየተቀለደ ይበየዳል፣ ተሠርቶ ያለቀው፣ ለክሊኒክ የሚሸጠው የሕፃን ሚዛን በአላፊ አግዳሚው ዘንቢል ይሞከራል። ቺፕ የመጣ ቀን ግን ፓኬቱን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ግራ ቀኝ አይተው ወደ ጓዳ ይገባሉ። መቀርቀሪያው ቀጭ ይላል። ከዚያ አይጥ ጣውላ የምትቆረጥም ይመስል ከበሩ ጀርባ ፍግፍግ የሚል ድምፅ ይሰማል።

ሲጨርሱ ስምንት እግር ያላት፣ ከጥንዚዛ የማትበልጥ እያንዳንዷ ጥቁር ቺፕ ጀርባዋ ላይ የነበረው ቁጥር በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ በላዩ የባለቤታቸው ጥቁር የጥፍር ቀለም ተቀብቶ ትወጣለች። ተፎካካሪ ሚዛኑን ገዝቶ ቢፈታው የሚያገኘው ስሟን የማትናገር ጥቁር ነገር ብቻ ነው። አጎቷ ሚስጥራቸውን ሠላሳ ዓመት የጠበቁት በዚህ ዘዴ ነው። ተፎካካሪ የተባለውን ሰው እስከ ዛሬ ያየው ባይኖርም።

ሰፈሩ «ፈልሳፊው» ይላቸዋል። ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ እሳቸውም አልተቃወሙም። ቤተሰቡ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ከቅጽል ስም አልፎ እምነት ሆኗል። ታናሽ እህታቸው፣ ማለትም የልጅቷ እናት፣ ቤቷ ለገባ እንግዳ ሁሉ ሻይ ሳትቀዳ በፊት «ያቺን ጥቁሯን ነገር እኮ ወንድሜ ነው የፈጠራት» ትላለች። እንግዳውም ምኗ እንደሆነች ሳይገባው ያደንቃል።

ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኤሌክትሮኒክስ ስትማር፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ መምህሩ ስምንት እግር ያላት ጥቁር ነገር በሁለት ጣቱ ይዞ ክፍል ገባ። ከኋላ ወንበር ሆና ስታያት ልቧ ድንግጥ አለ፤ የቤታቸው ዕቃ ተሰርቆ ሰው እጅ የገባ ነበር የመሰላት። መምህሩ ግን ዕቃዋ የማንም እንዳልሆነች፣ ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር እንደምትባል፣ ባጭሩ ኦፕ-አምፕ ቢሏት እንደማይከፋት፣ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ እንደ መርፌ ቁልፍ በእፍኝ እንደምትሸጥ አስረዳ።

የትውልድ ታሪኳንም አወራላቸው። ኦፕ-አምፕ ሲወለድ ቺፕ አልነበረም፤ ዳቦ በሚያክል ሣጥን ላይ የተሰካ፣ አምፖል የመሰለ የመስታወት ቫልቭ ነበር፤ እንደ ምድጃ ይግላል፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊትም እስኪሞቅ ይለመናል። የተፈጠረው ለሒሳብ ነበር። ቮልቴጅ ከቮልቴጅ ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ የሚለዋወጠውን ነገር በጊዜ ውስጥ እያጠራቀመ ያሰላል። በጦርነት ዘመን አውሮፕላኑ ከደቂቃ በኋላ የት እንደሚደርስ አስልቶ መድፉን ወደዚያ የሚያዞረው እሱ ነበር። ኦፕሬሽናል የተባለውም የሒሳብ ሠራተኛ ስለነበረ ነው። ከዚያ ትራንዚስተር መጣና ቫልቩን ከሥራ አፈናቀለው። ቀጥሎ ሁሉም ነገር ከጥፍር ባነሰ ሲሊከን ላይ ተጨመቀ። በመጨረሻ ዲጂታል ኮምፒውተር መጣና ሒሳቡን ራሱን ነጠቀው፤ ስሙ ብቻ ቀረለት። ዛሬ የልብ ትርታ ያዳምጣል፣ የማይክሮፎን ድምፅ ያጎላል፣ ሙቀት ይለካል፣ ሚዛን ውስጥ ተቀምጦ ግራም ይቆጥራል።

«እንደናንተው ነው» አለ መምህሩ። «ከተመረቀበት በስተቀር የማይሠራው ሥራ የለም።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከሳቁት ግማሾቹ ዛሬ የስልክ መሸፈኛ ይሸጣሉ።

እሷ አልሳቀችም፤ የኦፕ-አምፑን ጠባይ ወዳዋለች። ኦፕ-አምፕ ሁለት ጆሮ አለው። በአንዱ የሰማው ከሌላው ጥቂት ከተለየ፣ ልዩነቱን መቶ ሺህ ጊዜ አጋንኖ ያወራል። ልጓም ካልገባለት ለምንም አይሆን፤ ትንኝ ባለፈች ቁጥር ጣራ እስኪነካ ይጮሃል። ዘዴው ከተናገረው ላይ ጥቂት ቆንጥሮ ወደ ጆሮው መመለስ ነው። የራሱን ወሬ መልሶ ሲሰማ ይታረማል፤ ስንት እጥፍ ማጉላት እንዳለበት ሁለት ተራ ሬዚስተሮች ይወስኑለታል፤ ከዚያ ወዲያ እንደሱ ያለ ታማኝ የለም። ይህን በተማረች ቀን ያሰበችው ስለ አጎቷ ነበር። እሳቸው የተናገሩትን ቆንጥሮ ወደ ጆሯቸው የሚመልስ ዘመድ ኖሯቸው አያውቅም። እሷም ብትሆን አልመለሰችም። ምን ብላ? ጋሼ፣ የእርስዎ ፈጠራ እኛ ክፍል በሣጥን አለ፣ ልትል?

ስትመረቅ አጎቷ ራሳቸው ጠሯት። ልጅ አልወለዱም። እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው ወደፊት ሚስጥሩን በሚነግሯት ዕለት ወርክሾፑም የእሷ እንደሚሆን ቃል ገቡላት። እሷም የስልክ ኩባንያው የሰጣትን ሥራ ትታ ወርክሾፑ ገባች። ስምንት ዓመት ጠበቀች። ስትጠብቅ ደግሞ ዝም ብላ አልነበረም፤ ወርክሾፑ በእጇ የገባ ቀን የምትሠራቸውን ሚዛኖች ከነሰርኩታቸው ስላ መሳቢያዋን ሞልታለች። አንዱን እንዲያውም አሳይታቸው ነበር፤ ነርሷ ሕፃኑን ከማስተኛቷ በፊት ተጭና ባዶውን ሚዛን ወደ ዜሮ የምትመልስበት አዝራር ያለው። አጎቷ ንድፉን ገልብጠው ጀርባውን አዩና፣ የእሳቸው ሚዛን ዜሮውን ስለማይረሳ አስታዋሽ እንደማያስፈልገው ነገሯት። ይልቅስ እሳቸው ያደረጉት ነገር አለ፤ ሚዛኑ ላይ ከመቶ ግራም በታች የሆነ ሁሉ ዜሮ ተብሎ እንዲታይ አድርገዋል። የነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ቁጥሩ ደንበኛ ፊት እየደነሰ አሳፍሯቸው ነበር።

እሷን «ኢንጂነሯ» ነው የሚሏት። በተለይ ሻይ ሲያስቀዷት።

አንድ ረፋድ ላይ የክሊኒኩ ሲስተር ሚዛኑን እንደ ሕፃን አቅፋ መጣች። ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ወፍራም ሴት ናት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ሰላም ሳትል፣

«ይሄ ሚዛናችሁ ከሰዓት በኋላ ይወፍራል» አለች።

አጎቷ ከመነጽራቸው በላይ አይተዋት፣ «ሲስተር፣ የሚወፍረው ሕፃን ነው እንጂ ሚዛን አይወፍርም።»

«እኔም እንደሱ ብዬ ነው ልጁን ወደ ቤቱ የላክሁት።»

ነገሩን ቆማ ተናገረች። ልጁ ያለ ጊዜው የተወለደ ነው። ክብደቱ ከተወሰነለት ሳይደርስ ከክሊኒክ አይወጣም። ተረኛዋ እሷ ስትሆን በየቀኑ የምትመዝነው ከሰዓት ነበር፤ ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ በሚያርፍበት ሰዓት። ደረሰ፣ ሸኘችው። በሳምንቱ እናቱ ጡት መሳብ አቅቶት ይዛው ተመለሰች። አሁን ማሞቂያው ውስጥ ነው፤ ይተርፋል ብለዋል። ዳይሬክተሩ ግን ሳትመዝን የሸኘችው መስሎት በእሷ ላይ ኮሚቴ አቋቁሟል። ያኔ ነው አንድ የግሉኮስ ከረጢት ሚዛኑ ላይ አድርጋ ጠዋትና ከሰዓት ያየችው።

«ከረጢት ጡት አይጠባም» አለች። «የኔው ግን ከሰዓት ላይ ሰባ ግራም ጨመረ። ሐሙስ ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ። ሚዛኑ ነው ያጠፋው የሚልልኝ የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ።» ይህን ስትል የምታየው ልጅቷን ነበር።

ሲስተር እንደወጣች አጎቷ ሚዛኑን ወደ ኢንጂነሯ ገፉትና ችግሩን እንድታገኝ አዘዟት። ጥቁሯን እንዳትነካ ግን አስጠነቀቋት። ሐኪም ጠርቶ፣ ራሴን አሞኛል፣ ራሴን ሳትነካ መርምረኝ እንደማለት ነው። እሷ ግን ለምዳዋለች።

የአጎቷን ሚስት የፀጉር ማድረቂያ ለመነችና፣ ሳህኑ ላይ አንድ ኪሎ ስኳር አስቀምጣ ከሚዛኑ ክፍሎች እያንዳንዱን ለየብቻ ማሞቅ ያዘች። ሕፃኑ የሚተኛበትን ሳህን የተሸከመውን ብረት ብታሞቀው ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሽቦውን አሞቀች፤ ምንም። ማድረቂያውን ወደ ጥቁሯ ስታዞር ቁጥሩ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ሕፃን ሲጫነው ብረቱ የሚሰጠው ቮልቴጅ ከምንም የማይቆጠር ነው፤ ጥቁሯ ናት በብዙ እጥፍ የምታጎላው። የራሷ ጥቂት ስህተት ካለባት ግን ያንንም አብራ ታጎላዋለች። ደኅና ኦፕ-አምፕ ሲሞቅ ስህተቱ አይለወጥም ለማለት ይቻላል፤ የረከሰው ግን ፀሐይ ባየ ቁጥር ያልተጫነበትን ይናገራል። ባዶውን ሳለ ደግሞ የሚታየው ያው ዜሮ ነው፤ አጎቷ ከመቶ ግራም በታች ያለውን አፉን አስይዘውታል።

የቀረውን ያደረገችው ሳታስፈቅድ ነው። ጥጥ በአሴቶን ነክራ የጥፍር ቀለሙን አነሳችና በማጉያ መነጽር አየቻት። የአጎቷን ጭረት ታውቀዋለች፤ ሁልጊዜ በቁመት ነው የሚፍቁት። ከሥሩ ግን ሌላ ጭረት ነበር፣ በአግድም። በሁለቱ መካከልም እሳቸው ያልቀቡት ስስ ጥቁር ሽፋን። አጎቷ ፍቀው ያስቀመጧቸውን የፓኬቱን ቀሪዎችም አንድ በአንድ አየች፤ ሁሉም ያው ናቸው። ከአጎቷ በፊት ሌላ ሰው ፍቋቸዋል።

መነጽሩን አስቀምጣ ብቻዋን ሳቀች። ተራውን ቺፕ ገዝቶ፣ ቁጥሩን ፍቆ፣ ጥቁር ቀብቶ፣ የውዱን ቁጥር አትሞበት የሚሸጥ ነጋዴ እንዳለ ሰምታ ነበር። እንዲህ ያለው ነጋዴ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ገዥው ቁጥሩን አትኩሮ ቢያየውስ? አጎቷ ደግሞ ቁጥሩን አትኩሮ ማንም እንዳያየው በር ዘግተው፣ ያንን የውሸት ቁጥር በገዛ እጃቸው አጠፉለት። በዓለም ላይ ለአጭበርባሪ እንደሳቸው ያለ ደንበኛ አልተፈጠረም።

ነገረቻቸው። ቁጭ ብለው ሰሙ። መጀመሪያ ያሉት ዘንድሮ ነጋዴ መቀየራቸውን ነው፤ ረከስ ይላል፣ ቁጥሩ ግን ያው ነበር፣ አይተውታል። ቀጥለው ያሉት ግን ስለ ነጋዴው አልነበረም።

«ምን እንደሆነች ታውቂያለሽ ማለት ነው?»

«ኦፕ-አምፕ ናት፣ ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛ ዓመት።»

«ታዲያ ስምንት ዓመት እዚህ ምን ስትጠብቂ ነበር?»

«እርስዎ እስኪነግሩኝ።»

ቢያንስ እንደምትረዳቸው ልትነግራቸው ፈልጋ ነበር። ወጣት ሳሉ ከዚያ ሁሉ የቺፕ ዓይነት መካከል፣ ሙቀት የማያወላውለውን ለይተው መምረጣቸው ራሱ ሙያ ነበር፤ ፈጠረ ባይባል መረጠ ቢባል አያሳፍርም። አፏን ስትከፍት ግን እሳቸው ስልካቸውን አንስተው ነጋዴው ላይ እየጮሁ ነበር። ነጋዴው በትሕትና አዳመጣቸውና፣ የሸጠላቸው ዕቃ ጀርባው ላይ ቁጥር እንዳለው፣ ያንን ቁጥር አሳይተው ሊመልሱ እንደሚችሉ ነገራቸው። አጎቷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ቁጥሯ የተፋቀውን ጥቁሯን አገላብጠው አዩአት። እሷም በዚህ ያን ያህል አልተደሰተችም።

ሚዛኖቹ መሰብሰብ አለባቸው አለች። የትኛው ውስጥ የቱ ቺፕ እንዳለ መለየት ስለማይቻል ዘንድሮ የተሸጠው በሙሉ። አጎቷ ይህን ለመቀበል ብዙ አልተቸገሩም፤ ነፃ ማሻሻያ ብለን እንሰብስብ አሉ። ሲስተርስ? አለቻቸው። ሲስተር ሌላ ክሊኒክ አታጣም አሉ። ከዚያ እጃቸውን፣ ያንኑ የምረቃዋን እጅ፣ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉ።

«ሐሙስ ዝም በዪ» አሉ። «ዓርብ ወርክሾፑን ባንቺ ስም እናዛውራለን። እኔ ደግሞ ደክሞኛል፣ ልጄ።»

ከዚያ ቀን እስከ ሐሙስ እናቷ አላስተኛቻትም። ልጁ አልሞተ፣ ምን ይሁን ነው የምትይው አለቻት። ያ ሰው ከቀለብሽ እስከ ደብተርሽ ችሎ ያስተማረሽ ለዚህ ነው ወይ አለቻት። ስምንት ዓመት የታገሠ ሰው አንድ ከሰዓት መታገሥ እንዴት ያቅተዋል አለቻት፤ ይህቺኛዋ ገባች። ኢንጂነሯ ትራሷ ላይ ሆና ወርክሾፑን በሐሳቧ ስታስተካክል አመሸች፤ የጓዳውን በር አውልቃ ስትጥል፣ መስኮት ስታወጣ፣ መሳቢያዋን ከፍታ የመጀመሪያውን ንድፍ ስትዘረጋ። እያንዳንዱን አየችው። ነገር ግን በየመካከሉ ያቺ አጭር ሴት በወፍራም ድምፅዋ ከረጢት ጡት አይጠባም ትላታለች።

ሐሙስ ክሊኒኩ ስብሰባ ክፍል ውስጥ ዳይሬክተሩና ሁለት ሐኪሞች ተቀመጡ። አጎቷ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጥተዋል። ሲስተር ከጥግ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ። ኢንጂነሯ የተጠየቀችው ሚዛኑ ከሰዓት በኋላ ትክክል ነበር ወይ ተብላ ነው።

«ትክክል አልነበረም» አለች። «ሲስተር ያየችውን ቁጥር ነው የመዘገበችው። ጥፋቱ የሚዛኑ ነው።»

የፀጉር ማድረቂያውን ይዛ መጥታ ነበር፤ የግሉኮሱን ከረጢት አስቀምጣ አሳየቻቸው። ቁጥሩ ማንም ሳይነካው ሲወጣ ሐኪሞቹ ተያዩ። ሲስተር እጆቿን ከጭኗ ላይ አነሳች።

ዳይሬክተሩ ብዕሩን ከፈተ። «እሺ። የዚህን ሚዛን ኤሌክትሮኒክስ ማነው የሠራው?»

ይህ ጥያቄ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሰርጉ፣ በየሻዩ፣ በየታክሲው ተጠይቆ መልሱ አንድ ነበር። አጎቷ ተነሱ። ኮታቸውን አስተካከሉ።

«እኔ የቆርቆሮ ሰው ነኝ» አሉ። «የኤሌክትሮኒክሱ ሥራ ኢንጂነሯ ከመጣች ወዲህ የእሷ ነው። ዕቃም የምትመርጠው እሷ ናት። እኔ ከየት አውቄው?»

ማድረቂያው አሁንም እየነፋ ነበር። አጠፋችው። አጎቷን አየቻቸው፤ እሳቸው የሚያዩት ግድግዳውን ነበር። ስምንት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ፈጠራ ይኸው ተሰጣት፤ በምስክር ፊት፣ ከነሙሉ ልብሱ። አይደለም ብትል ምን እንደሚከተል ገባት። ጓዳው፣ ብርጭቆ ወረቀቱ፣ የጥፍር ቀለሙ ይዘረዘራል፤ ኮሚቴው የአጎትና የእህት ልጅ ጭቅጭቅ ሰምቶ ይሰለቻል፤ ዳይሬክተሩ እናንተ መጀመሪያ ተስማሙ ብሎ ይበትነዋል፤ ሲስተርም ወደ ጥግዋ ትመለሳለች። ሲስተር እያየቻት ነበር።

«የኔ ነው» አለች።

ዳይሬክተሩ ጻፈ።

አጎቷ ቃላቸውን አላጠፉም፤ ዓርብ ወርክሾፑ በስሟ ዞረ። ሚዛኖቹን መሰብሰቡም፣ ክሊኒኩ ያቀረበው ክስም፣ የሰፈሩ ሐሜትም አብሮ ዞረ። ፈልሳፊው በሰፈሩ ሲያልፉ ሰው ያዝንላቸዋል፤ ሠላሳ ዓመት የለፉበትን የተማረች ነኝ ባይ በአንድ ዓመት አበላሸችባቸው ይባላል። እሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ያልፋሉ። እናቷ ብቻ ደስ ብሏታል። ዞሮ ዞሮ ከቤተሰብ አልወጣም ትላለች።

ባለንብረት ሆና የመጀመሪያ ሥራዋ ከክሊኒክ ክሊኒክ እየዞረች ሚዛን መልቀም ሆነ። አንዳንዱ ቦታ ይሰድቧታል፣ አንዳንዱ ቦታ አስፈርመው ያስረክቧታል። ከከተማው ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ግን ኃላፊው ሚዛኑን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅም አለ።

«ይሄ ሚዛን ከመጣ ወዲህ የሕፃናት ክብደት ጭማሪያችን ከሁሉም ክሊኒክ አንደኛ ነው» አላት፤ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። የምስጋና ወረቀቱ በፍሬም ተሰቅሏል። «ባለፈው ሚዛን እኮ ልጆቹ አይጨምሩም ነበር።»

«አሁንም እየጨመሩ ላይሆን ይችላል። ሚዛኑ ይሳሳታል።»

«ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

«ወደ ላይ።»

«ታዲያ! ወደ ታች ቢሆን እኔው ራሴ ተሸክሜ አመጣልሽ ነበር» አለና ሳቀ። «ለመሆኑ አንቺ ማነሽ?»

«የወርክሾፑ ባለቤት ነኝ። ሚዛኑንም የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«እና የገዛ ዕቃሽን ነው እንዲህ የምታሚው?»

ይህን ሲባባሉ ወረፋ ላይ የነበረች እናት መታገሥ አቅቷት ኖሮ በመካከላቸው ገብታ ልጇን ሳህኑ ላይ አስተኛችው። ሰዓቱ ከሰዓት ነው። ፀሐዩ ጠረጴዛውን ሞልቶታል። ቁጥሩ ብልጭ ብልጭ አለና ቆመ፤ እናትየዋም አይታው ፊቷ በራ።

ኢንጂነሯ ሕፃኑ እስኪነሳ ጠበቀች። ከዚያ ሶኬቱን ነቀለች፣ ሽቦውን ጠቀለለች፣ ኃላፊው እጅ ላይ የነበረውን ጎን ሳብ አድርጋ አስለቀቀችውና ሚዛኑን ብብቷ ውስጥ አቀፈችው። ኃላፊው ከኋላዋ ለበላይ አካል እንደሚያመለክት እየጮኸ ነው። እናትየዋ ልጇን ታቅፋ እስከ በሩ ተከተለቻት።

«እህቴ፣ ልጄ ጨምሮልኛል አይደል?»

«አላውቅም» አለቻት።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ የሠራሽው?»